በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፦ ወደ ሰሜን ለሚጓዙ ጓደኛሞች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የገና በዓል እየቀረበ ነው። ስልካችንም በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። ጓደኛሞች ተሰባስበው፣ መኪና ውስጥ እያበሰሉና እየተኙ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስተው ሰሜኑን መዞር ይፈልጋሉ። የዛሬው እንግዳችን ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ አላቸው። ከዚያ በፊት በዚሁ መስመር ለብዙ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ለአድማጮች የሰጡትን መልስ እንዲህ አቅርበነዋል።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ አምስት ጓደኛሞች ነን። የአንዳችንን ሃይሩፍ የኋላ ወንበር አውጥተን ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ልናስገባ ነው። መኪናው ይችላል?

ፍራሹን ይችላል። በርሜሉን እንጃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 200 ሊትር ሞልታችሁ ፖርቶ መጋላ ላይ ከጫናችሁ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ጣሪያ ላይ አስቀመጣችሁ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ኩርባ በመጣ ቁጥር ወደ ገደሉ ያጋድላሉ። በርሜሉን ተውት። ውሃውን በ20 ሊትር ጀሪካን ከፋፍላችሁ፣ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ ወለሉ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ይዋልላል፤ ቁልቁለት ላይ የሚዋልል ጭነት አልወድም። የጋዙ ሲሊንደር ቀጥ ብሎ ይታሰር፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ይዘጋ።

ወንበር አውጥታችሁ ፍራሽ ላይ ተጋድማችሁ ለመጓዝ ካሰባችሁ ግን እኔ የለሁበትም። ፍራሽ ቀበቶ የለውም። ሲቆም ተኙ፣ ሲሄድ ተቀመጡ። የመኪናውን ቅርጽ ከመቀየራችሁ በፊትም መንገድ ትራንስፖርትንና የኢንሹራንስ ድርጅታችሁን ጠይቁ። አደጋ ከደረሰ በኋላ ብትጠይቁ መልሱ አያስደስታችሁም።

ከደሴ ሆጤ፦ ናፍጣ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ አድርጌ ነው የምወርደው። ረጅም ሲሆን ሞተርም አጠፋለሁ። ጓደኞቼ ይፈራሉ። እውነት ጉዳት አለው?

ጓደኞችህ ብልሆች ናቸው። አሁን ራዲዮኑን ከፍ አድርግልኝ። አጠገብህ ሾፌር ካለም ይስማ። ይህን ስናገር ዕድሜዬ አለቀ።

ከናፍጣው እንጀምር፤ አንተ የምትሳሳለት እሱ ስለሆነ። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በዚህ ጊዜ ፓምፑ ለሞተሩ ነዳጅ መላኩን ያቆማል። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ብሎ ናፍጣ ይጠጣል። ቆጠብኩ ብለህ የምትፎክርበትን ናፍጣ እያቃጠልክ ነው የምትወርደው።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መንገዱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ያን ሁሉ ከፍታ ሲወርድ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ማርሽ ውስጥ ከሆንክ ሞተሩ ይይዝልሃል። ዜሮ ካደረግክ ሁሉም ነገር ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዛመታል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት የጠጣው ግን 140 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ስትጫነው ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉን ትረግጣለህ፣ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አልሰማህም። ለዚህ ነው የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩ የምለው። እናንተ ደግሞ «ይጨመርበት» ትሉኛላችሁ።

ሞተር ማጥፋቱን እንኳ ለጠላቴም አልመኝ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያግዝህ ጉልበትም አንድ ሁለቴ ከረገጥክ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቁልፉን ከነቀልከው ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሾፌር አይደለህም፣ ተሳፋሪ ነህ።

እኔስ ከየት አወቅኩት? ወጣት ሳለሁ እንዳንተው ጎበዝ ነበርኩ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዤ ዜሮ አድርጌ ስወርድ ፔዳሉ ወለል ገባ። ማርሽ ላስገባ ብል በዚያ ፍጥነት ጥርሱ ተንጫጨ እንጂ አልገባም። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ፣ መኪናውን ከተቆረጠው ተራራ ጋር እያፋተግኩ አቆምኩት። አንድ ጎኑ እንዳለ ተላጠ። ረዳቴ እንቅልፍ ላይ ነበር። ነቅቶ «ደረስን?» አለኝ። እስካሁን ስናወራው እንስቃለን። የዚያን ቀን ግን ለሁለት ሰዓት ያህል እግሬ አልቆመልኝም።

እንግዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሽቅቡን በሁለተኛ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገባ፤ መሀል ላይ አትፈልገው። ፍጥነት ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው። እግርህን እላዩ ላይ አሳርፈህ አትውረድ። መኪናህ አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ መያዣው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ከወልድያ፦ የድልብን ዳገት ስንወጣ ራዲያተሩ ይፈላል። ከፍተን ውሃ እንጨምርበት?

ጭራሽ እንዳትከፍቱት! የፈላ ራዲያተር ክዳኑ ሲላላ የሚተፋው ፊት ላይ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ጋሸና አካባቢ ወደ 3000 ሜትር ስለሚጠጋ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። ራዲያተሩ ውስጥ እንዲህ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው ክዳኑ ነው፤ ግፊቱን አምቆ ይይዛል። ስለዚህ ያረጀ ክዳን ትንሽ ነገር አይደለም። ስትወጡ ዝቅተኛ ማርሽ ተጠቀሙ። አየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ። ሲብስ ቁሙና ለግማሽ ሰዓት ያህል አቀዝቅዙት። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ከደፋችሁ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ ከውሃ ወደ ብር እንሸጋገራለን። ደጋግሞ ከፈላ ደግሞ የዳገቱ ጥፋት አይደለም፤ መካኒክ ይየው።

ከድልብ በኋላ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ አይደል? መመለሻው ቁልቁለት ነው። በወጣችሁበት ማርሽ።

ከደሴ ፒያሳ፦ ጎማዬ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ግን ዕድሜውን አላውቅም።

ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ጎሚስታ ዘንድ ሂድ። ትርፍ ጎማውንም እይ፤ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው። ክሪኩም እንደሚሠራ እዚሁ ሰፈር ሞክረው እንጂ ቆቦ ሜዳ ላይ አትሞክረው።

ከሐይቅ፦ ላሊበላ ላይ ማታ ብርድ ነው ይላሉ። መኪናው ውስጥ ትንሽ ከሰል አቀጣጥለን፣ መስኮት በጣት ያህል ከፍተን ብንተኛ?

አይሆንም። በጣትም፣ በክንድም ከፍታችሁ አይሆንም።

የጥያቄህ ድምፅ የልጅ ነው፤ ስለዚህ አልቆጣም። ከሰል ሲቀላ ጭሱ ስለማይታይ ሰው ንጹሕ ይመስለዋል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ ድካም ይመጣል። ሰውዬው «ደከመኝ፣ ልተኛ» ይላል። አምስት ሰው አንድ ሃይሩፍ ውስጥ ተኝቶ ማን ማንን ይቀሰቅሳል? የጋዝ ምድጃም ለማብሰያ እንጂ ለማሞቂያ አይደለም። ሞተር አስነስቶ ማደርም እንደዚያው። ቡናችሁን ውጭ አፍሉ፤ ለወሬም ይመቻል። ለብርዱ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የሱፍ ካልሲ ያዙ። ላሊበላ 2500 ሜትር ግድም ነው፣ ከደሴ ብርድ ብዙም አይለይም። እናንተ የወሎ ልጆች ናችሁ እኮ!

ከሰል ባለበት አንድ ሰው እንኳ ራሱን ካመመው ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ። ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ የሐኪም ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ሌሊት መንገዱ ጭር ስለሚል፣ ጫት እየቃምኩ መንዳት ይቀለኛል። ምን ይላሉ?

ጫት እንቅልፍን አያባርርም፤ ቀጠሮ ያስለውጠዋል። ምርቃናው ሲወርድ እንቅልፉ ከነወለዱ ይመጣል፣ ያውም ኩርባ ላይ። ሌሊት መንገዱ ጭር ይላል ያልከውንም አልቀበልም። መብራት የሌለው ጋሪ አለ። ከብት አለ። የተበላሸ የጭነት መኪና አለ፣ ምልክቱም ሦስት ድንጋይና አንድ ቅጠል ነው። መኪናው ተጠግኖ ይሄዳል፣ ድንጋዩ እዚያው ያድራል። እኔ በራሴ መብራት ስንቱን ድንጋይ አገኘሁት መሰለህ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ከተማ ግባ። ሾፌሩ ሁለት ሰዓት ከነዳ ይውረድ፣ ይንጠራራ፣ ውሃ ይጠጣ። ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከመካከላችሁ ይኑር። እሱም ማርሽ ዜሮ የማያደርግ ይሁን።

ከቦሩ ሜዳ፦ ላሊበላ ለመሄድ በየት ይሻላል? ስንት ቀን ይበቃናል?

ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቅ ላይ አሳ ትበላላችሁ፣ በውጫሌ በመርሳ ታልፋላችሁ። ከወልድያ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ መንገድ ድልብን ወጥታችሁ ጋሸና ትደርሳላችሁ። ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ 64 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ላሊበላ ናት። ጎንደር የምትሉ ከጋሸና አትታጠፉም፣ ወደ ነፋስ መውጫና ደብረ ታቦር ትቀጥላላችሁ። መቀሌ የምትሉ ከወልድያ በቆቦ ወደ አላማጣ ትሄዳላችሁ። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው ግራካሱ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው። ላዩ ላይ ደርሳችሁ ኮረምን ስታልፉ የአሸንጌ ሐይቅ ያስረሳችኋል። ሲመለሱ ደግሞ… ምን እንደምል ታውቃላችሁ።

ቀኑን በተመለከተ ሳምንት ያዙ። ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው ይቸኩላል። ዋናው ግን መንገዱ ነው፤ ክፍት ስለመሆኑ በየማለዳው መናኸሪያ ገብታችሁ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ። አትሂዱ ካሉ አትሂዱ። ላሊበላ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፣ የትም አይሄድም።

ከደሴ ሰኞ ገበያ፦ አብራን የምትሄድ ጓደኛችን አስም አለባት። ከፍታው ያስቸግራታል?

እህቴ፣ እኔ የመኪና ሐኪም ነኝ። እሷ የምትታከምበት ሐኪም ዘንድ ከጉዞው በፊት ትሂድ። መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን፣ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር እንዳይታሰር።

ከኮምቦልቻ፦ የዘይቱ ቀይ መብራት ይበራና ይጠፋል። ሌላ ችግር የለውም።

ሞተሩን አሁን አጥፋ። ከዚያ መካኒክ ጥራ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ትናንት ከደሴ ስወርድ ከፊት ጎማ ጭስ ወጣ። ቆሜ ውሃ ደፋሁበት፣ አሁን ደህና ነው። ነገ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን እንውጣ?

አትውጡ። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ከደፋህ ዲስኩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጭሱ ስለጠፋ ደህና ነው ማለት አይደለም። ዛሬውኑ ጋራዥ አስገባው፤ የኔ ጋራዥ መሆን የለበትም። ጎማው ይውለቅ፣ ሸራው ይታይ፣ ዲስኩ ይታይ፣ የፍሬን ዘይቱ ይቀየር። ጓደኞችህ ሁለት ቀን ቢጠብቁ አይጣሉህም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። ያኔ ስትወርድ ማርሽህ ስንተኛ ላይ ነበር?

(ስልኩ ተቋረጠ።)