ኦሪጂናል ዲግሪው ይለቀቅ፣ ዕዳው በሥራ ይከፈል
(በድሬዳዋ ለሶሻል ወርክ ተመራቂዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ የዘንድሮ ተመራቂዎች፤ እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ታግሳችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። ማራገቢያው እንደ ልማዱ አኩርፏል።

የተጠራሁት እንኳን ደስ አላችሁ እንድል ነው። እንኳን ደስ አላችሁ! አሁን ደስ ወደማይለው ልግባ።

«ሶሻል ወርክ ተምሮ ምን ሊበላ ነው?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። ወላጆች፣ ነውር የለውም፤ ዕዳ አለ። በ1995 ዓ.ም. ደንቡ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የወጪ መጋራት ውል፣ የማይፈርም ተማሪ ጥቂት ነው። የምግቡን፣ የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ይሸከማል። ሲቀጠር ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል። እስቲ እናስላው። ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። ግብር 1,650፣ ጡረታ 700፣ ኮስት ሼሪንግ 1,000። የሚተርፈው 6,650 ብር ነው። በሉ እንግዲህ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራዩበት!

ይህ ግን ሥራ ላገኘው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ሂሳብ ላይ መድረስ እንኳ ያቃተው ልጅ ነው።

አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም፤ አክስቷ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጣለች። ተመርቃ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ ሰፈር በበጎ ፈቃድ ትሠራ ነበር። የሚሰጣት የባጃጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከተገኘ። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ትንሽ ልጅ በትምህርት ሰዓት ደጅ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ ታገኛለች። ለምን? የልደት ካርድ አምጪ ተብላ። እናትየው ከገጠር የመጣች ናት፤ መታወቂያ የላትም። ለመታወቂያው ደግሞ መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛውን ከየት ታምጣው? ወጣቷ የዕድሩን ዳኛና የእናትየውን አከራይ ለምስክርነት ይዛ ቀበሌ ሄደች። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። በማግስቱም ስብሰባ። በመጨረሻ ዣንጥላዋን ዘርግታ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን አንጥፈው አጠገቧ ተቀመጡ። ስብሰባው ወዲያው አለቀ! ምን ስብሰባ ነው፣ ሻይ ነው እንጂ። ወረቀቱ ተፈረመ። ትንሿ ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ ናት።

ምን ተማሩ ለምትሉ፣ የተማሩት ይህን ነው።

ከዚያ ይህችው ወጣት ደመወዝ ያለው ማስታወቂያ አየች። ተፈተነች፣ አለፈች። «ኦሪጂናል ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ» ተባለች። እጇ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ነው። ኦሪጂናሉ የሚለቀቀው ዕዳው ሲዘጋ ነው፤ ሃያ ምናምን ሺህ ብር። ዕዳው የሚከፈለው ከደመወዝ ነው። ደመወዙ የሚገኘው በኦሪጂናሉ ነው። አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ዙሪያ ጥምጥም ነው? የእናቷ ዕቁብ እስኪወጣ ስትጠብቅ ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ።

ልብ በሉልኝ። መምህር ለመሆን የሰለጠነ ልጅ ዕዳውን በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ በደንቡ አለ። ይገባዋል፤ አልቀናበትም። ታዲያ ያቺን ትንሽ ልጅ የሚያስተምራት በሥራው ከከፈለ፣ ከሽንኩርቱ አንስታ ክፍል ያስገባቻትስ? እሷ ለማን ሠራች? በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ የማን ቤት እንደፈረሰ፣ ማን ልጁን እንዳጣ በየትኛው ቢሮ መዝገብ ነው የተገኘው? የሚያውቀው ሰፈሩን ቤት ለቤት የሚያውቅ ሰው ነበር። ያን ሰው ስንፈልገው «በጎ ፈቃደኛ» እንለዋለን። ደመወዝ ሲጠይቅ «ለሕዝብ አይደለም እንዴ የምትሠራው?» እንለዋለን። ዕዳ ሰብሳቢው ግን በበጎ ፈቃድ አይሠራም! አከራይም በበጎ ፈቃድ አያኖርም!

«ኤንጂኦ ይቀጥራቸዋል» የሚለው ማጽናኛም አልቋል። በጥር 2017 አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ምን እንደሆነ አይታችኋል። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት እዚህ ያለ ሠራተኛ ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ገባ። እሱ ሲያግዛቸው የነበሩት ሰዎች ግን እዚያው ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ሥራ ያገኘ ልጅ ኦሪጂናሉ ይለቀቅለት፤ ዕዳው ወደ ቀጣሪው ይተላለፍና ከደመወዙ ይቆረጥ። ሰፈር ውስጥ ለሚሠራ ደግሞ እንደ መምህሩ አገልግሎቱ ይቆጠርለት። በግል ኮሌጅ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ የተማራችሁ፣ ይህ እናንተን እንደማይነካ አውቃለሁ። የእናንተ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይፈልጋል።

ደብዳቤው ተዘጋጅቷል፤ ለትምህርት ሚኒስቴር ይላካል። መውጫው ላይ ጠረጴዛው ጋ ነው ያለው፤ እስክሪብቶም አለ። ቴምፖ ይዛችሁ የቀራችሁ ሁሉ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ። ክቡራን እንግዶች፣ እናንተም ጭምር። አመሰግናለሁ።