እውነቱን እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ንገሩን

የተከበራችሁ ታላላቆቼ፣ የመድረክ ጓደኞቼ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የምትወጡ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ድሮው የአሜሪካ መድረክ ትንሽ በይን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ሰፈሩ ራሱ ይጋብዛል። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ሃዋርድ ቲያትርን ታገኙታላችሁ። በ1910 የተከፈተ ቤት ነው። ስንቶቻችን ነን በደጁ እያለፍን ክትፎ ልንበላ የሄድነው? ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያ የድሮ መድረክ ቮድቪል ይባል ነበር። ቮድቪል ማለት በአንድ ምሽት ስምንት ዘጠኝ አጫጭር ሥራ የሚታይበት መድረክ ነው። ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ አክሮባት፣ አስማተኛ፣ የሠለጠነ ውሻ ሳይቀር ይወጣበታል። ከ1880ዎቹ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች የሚዝናኑት በዚህ ነበር። በሀገር ፍቅር የኪነት ምሽቶች ላደጋችሁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ተመልካቹ ነው። ያ ተመልካች አይዋሽም። ከላይ፣ ርካሹ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ያልወደደውን በኦቾሎኒ ይመታል። ያፏጫል፤ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል። ኒው ዮርክ፣ ማይነርስ ባወሪ በሚባለው ቲያትር ደግሞ በ1903 በአማተሮች ምሽት ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ዘንግ መጣ። ያልቻለውን ሰው ከመጋረጃው ጎን ሆነው በዘንጉ ይዘው ጎትተው ያወጡታል። «ዘንጉን አምጡ!» ብሎ የሚጮኸው ሕዝቡ ራሱ ነው።

ጭካኔ ነው ትሉ ይሆናል። ቆዩኝ።

የማርክስ ወንድማማቾችን ነገር ልንገራችሁ። ኋላ በፊልም ዓለም ያወቃቸው እነዚያ ልጆች በመጀመሪያ ከተማ ለከተማ እየዞሩ የሚዘፍኑ ነበሩ። አንድ ቀን ናከዶቸስ በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ሥራቸውን እያቀረቡ ሳለ፣ ውጭ በቅሎ አመለጠ ተባለ። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እስቲ አስቡት! ለፍታችሁ፣ ተለማምዳችሁ፣ በባቡር ተንገላታችሁ መጥታችሁ ትዘፍናላችሁ፤ ሕዝቡ በቅሎ ሊያይ ሄዷል። መድረክ ላይ የቀራችሁት እናንተና ወንድሞቻችሁ ብቻ ናችሁ። ሰዉ በቅሎውን አይቶ ሲመለስ ከወንድማማቾቹ አንዱ፣ ግራውቾ፣ ደሙ ፈልቶ ነበር። ዘፈኑን ተወና ከተማዋንም ሰዎቿንም ይሰድብ ጀመር። አሁንስ መደብደባችን ነው ብለው ሲጠብቁ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድማማቾቹ ወደ ቀልድ ያዘነበሉት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል፤ ታሪኩም ሲነገር ኖሯል።

የናከዶቸስ ሰዎች በጨዋ ደንብ ቁጭ ብለው፣ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አጨብጭበው ቢሸኟቸው ኖሮስ? እነዚያ ልጆች መካከለኛ ዘፋኝ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ኪዝ በሚባሉት የቮድቪል ቲያትሮች ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር። ሳምንቱ ሲጀምር የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ሥራ ያያል፣ ይጽፋል። ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ሕዝቡ ሞቅ አለ ወይስ ቀዘቀዘ። ሪፖርቱ ለአለቆቹ ይላካል። ዛሬም እነዚያ ወረቀቶች በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። የአርቲስቱ እንጀራ በተመልካቹ ትንፋሽ ይለካ ነበር። ያስፈራል። ግን የቆመበትን ያውቃል።

እኔስ የቆምኩበትን መቼ አውቄ ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሥራ ይዤ ሦስት ከተማ ዞርኩ። በሦስቱም ቆመው አጨበጨቡልኝ። አበባ ሰጡኝ፤ ፎቶ ተነሳን። በሦስተኛው ከተማ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ጋ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ፣ ሁለት ሰዎች ከጎኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «ሁለተኛው ክፍል ይደብራል አይደል? ምነው ባላራዘመችው» አለች አንደኛዋ። ከአስር ደቂቃ በፊት ፊት ለፊቴ ቆማ ያጨበጨበችልኝ ሴት ናት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ያለችው ነገር አይደለም፤ ልክ ነበረች። ሁለተኛው ክፍል ይደብራል! በመጀመሪያው ከተማ ዝም ብላችሁኝ ቢሆን፣ በሁለተኛው አስተካክዬው እመጣ ነበር። ሦስት ከተማ ሙሉ አንድ ሰው አልነገረኝም።

ይሉኝታችሁ ነው የገደለን! በፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ፤ ግን ገደለን። ቀልዱ ካላሳቃችሁ አትሳቁ። ሥራው ከደከመ አትቁሙለት። ስልካችሁን ደቅናችሁ ስትቀርጹ ፊታችሁን ጋርዳችሁ እኛ ምን አይተን እንወቅ? ትኬት ገዝታችኋል። ሐሜቱን ፓርኪንግ ድረስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እዚህ፣ ለእኛ፣ አሁን ስጡን!

ሥራን መጣል ግን ሰውን ከማዋረድ ይለያል። በ1896 ኦስካር ሃመርስታይን የሚባል የቲያትር ባለቤት ቼሪ የሚባሉ እህትማማቾችን ከአዮዋ ኒው ዮርክ አመጣ። መጥፎ መሆናቸውን አውቆ፣ ሕዝብ ሊስቅባቸው ነው ያመጣቸው። አትክልት ይወረወርባቸው ነበር። ኋላ ጋዜጣ ሲዘልፋቸው ከሰሱ፤ በ1901 የአዮዋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጋዜጣው ፈረደ። መድረክ የወጣ ሰው ይተቻል፣ በሕጉ እስማማለሁ። ቲማቲሙ ግን ትችት አይደለም። እህትማማቾቹ ከዚያ ጩኸት የተማሩት ነገር የለም፤ ሊያስተምራቸው የፈለገም አልነበረም።

ሃዋርድን አልረሳሁትም። በዚያ ዘመን በብዙ ቲያትሮች ጥቁር ተመልካች በጎን በር ገብቶ ላይኛው ሰገነት ላይ ነበር የሚቀመጠው። በርት ዊሊያምስ፣ ያ ትልቅ ጥቁር ኮሜዲያን፣ በ1910 በብሮድዌይ ዚግፊልድ ፎሊስ በሚባለው ትልቅ ትርዒት ከነጮች ጋር ሲሠራ፣ የገዛ ወገኖቹ በየቲያትሩ ታች ወንበር ይከለከሉ ነበር። በዚያው ዓመት ሃዋርድ ተከፈተ። ጥቁር ተመልካች መሀል ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ልጅ ደግ ነው፣ ደካማ ነው የሚልበት ቤት አገኘ። ያንን ወንበር ያገኙት ታግለው ነው። እኛ በነፃ አግኝተነው ስልክ እናይበታለን።

የመጨረሻው፣ አጭር ናት። ቮድቪል ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የማይናገር ነው፤ አክሮባት ወይም እንስሳ። ምክንያቱ ሰዉ ገና እየገባ፣ ወንበር እያንኳኳ ስለሆነ ቃል አይሰማም። ማርፈድ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ መጀመሪያ የምትወጣው ልጅ ግን ትናገራለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ቀልዱን ራሷ ጽፋዋለች። አዘጋጆቹ እኔን መሀል ላይ አድርገውኝ ነበር። መጀመሪያ አድርጉኝ ብዬ ለመንኳቸው። ያረፈዳችሁት በእኔ ንግግር ላይ እንድትገቡ፣ በእኔ ላይ ወንበር እንድታንኳኩ ነው። አሁን ከዚህ ሆኜ ሳየው የኋላው ረድፍ ሞልቷል።

በሩን ዝጉልኝ። መብራቱንም አጥፉ። ልትወጣ ነው።