«ሁልጊዜ» የሚል ካለበት ሐሰት ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ክፍል ፈተና ስናወራ አንድ አድማጭ «እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ጥያቄ ፈተና አይደለም፤ ሳንቲም መወርወር ነው» አሉና ስልኩ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። መምህራን ደወሉ፣ ወላጆች ደወሉ፣ አንዲት ተማሪም ጨክና ደወለች። ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ፈተና አውጥቻለሁ፣ በኋላም ፈተና የሚያወጡ መምህራንን አሠልጥኛለሁ። የደረሱንን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

አድማጭ፦ ያን ቀን ስልኩን የዘጋሁት እኔ አይደለሁም፤ ተቆርጦብኝ ነው። አሁንም አቋሜ ያው ነው። ምንም ያላነበበ ልጅ ግማሹን ያገኛል። ይሄ ምን ፈተና ይባላል?

እንኳን ተመለሱ። ሳንቲም ነው ያሉት ልክ ነው፤ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ጥያቄው ሳንቲሙ ስንት ጊዜ ይወረወራል የሚለው ነው። 5 ጥያቄ አውጥቶ «3 ያገኘ አለፈ» የሚል መምህር ካለ፣ ደብተር ያልገለጠ ልጅ የማለፍ ዕድሉ ድፍን 50 በመቶ ነው። እዚህ ላይ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። 10 ጥያቄ ሲሆን 7 እና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድሉ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። በ20 ጥያቄ 14 እና ከዚያ በላይ ማግኘት ከ6 በመቶ ያንሳል። በ50 ጥያቄ 35 እና ከዚያ በላይ ለማግኘት ደግሞ ከሺህ ገማች ሦስት ያህሉ ቢሳካላቸው ነው።

የእውነት/ሐሰት ጥያቄ ቶሎ ስለሚነበብና ቶሎ ስለሚመለስ ብዙ ማውጣት ይቻላል። ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ብዙ ርዕስ ይዳስሳል። ሮበርት ኢብል የተባለ አሜሪካዊ የምዘና ምሁር ይህን ዓይነት ጥያቄ አጥብቆ ይከራከርለት ነበር። አንድ ነገር ማወቅ ማለት ስለዚያ ነገር የተባለውን እውነት ነው አይደለም ብሎ መፍረድ መቻል ነው ባይ ነው። ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ተማሪው ለምን እንደዚያ እንደፈረደ ወረቀቱ አይነግረንም፤ ጽፎ ማስረዳት መቻሉንም አያሳይም። ግን ናቁት እንጂ የሰነፍ መምህር ጥያቄ አይደለም። ደህና አድርጎ ማውጣት ያደክማል።

አድማጭ (የባዮሎጂ መምህርት)፦ እውነቱን ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ እወስዳለሁ። ሐሰቱ ላይ ስደርስ ግን ግሡን ወደ አሉታ ቀይሬ እገላገላለሁ። ሌላ ዘዴ አለ?

ከዛሬዎቹ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

ሐሰቱን ከራስዎ ጭንቅላት አያውጡት፤ ከተማሪዎችዎ ደብተር ያውጡት። የቤት ሥራ ሲያርሙ አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት አራት ልጅ ላይ ካዩ፣ ያ ስህተት የተዘጋጀ ጥያቄ ነው። ከራስዎ ደብተር ጀርባ ጻፍ ያድርጉት። እኔ ለዚሁ የምትሆን ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረችኝ። የፈተና ሰሞን ሌላው መምህር ሲጨነቅ እኔ ገልብጬ እገላገላለሁ።

ለምሳሌ ብዙ ተማሪ ተክሎች ቀን ፎቶሲንተሲስ ይሠራሉ፣ ማታ ይተነፍሳሉ ብሎ ያስባል። ሁለቱን ፈረቃ ያደርጋቸዋል። እውነቱ ግን ተክል ቀንም ማታም ይተነፍሳል። ይህን ስህተት ወደ ጥያቄ ስንለውጥ መጀመሪያ የሚመጣልን «ተክሎች የሚተነፍሱት ማታ ብቻ ነው» የሚለው ነው። አይሆንም። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ሐሰት ነኝ ብላ ትጮኻለች። «ተክሎች ቀን አይተነፍሱም» ብንልስ? አሉታው ያደናግራል። እንዲህ እናድርገው፦ «አንድ ተክል ቀን በፀሐይ ብርሃን ላይ ሳለ መተንፈሱን ያቆማል።» አሁን የሚጮኽ ቃል የለም። ያልገባው ልጅ በሙሉ ልብ «እውነት» ይላል፣ የገባው ደግሞ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ሐሰት ማለት ይሄ ነው፤ ላልገባው ሰው እውነት መምሰል አለበት።

ሒሳብ ላይም እንዲሁ ነው። «0.35 ከ0.7 ይበልጣል» የሚለው ሐሰት የመጣው 35 ከ7 ይበልጣል ብለው ከተሳሳቱ ልጆች ነው። ጂኦግራፊ ላይ «በዓመት ውስጥ ወቅቶች የሚፈራረቁት መሬት ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ነው» የሚለው ስንት ትልቅ ሰው እንደሚጥል ብታዩ! ምክንያቱ የመሬት ዛቢያ ዘንበል ማለቱ ነው። እንዲያውም መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ስለ እውነቱም አንድ ነገር። ከመጽሐፍ እንዳለ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር የሚለካው ሽምደዳን ነው። ልጁ ሐሳቡን ሳይሆን የቃላቱን ዜማ ያውቀዋል። «ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ከማለት «ተራራ አናት ላይ የተጣደ ውኃ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተጣደው ባነሰ ሙቀት ይፈላል» ይበሉት። ይሄም እውነት ነው፤ ግን አስቦ እንጂ አስታውሶ አይመለስም።

አድማጭ (ወላጅ)፦ ልጄ «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚል ካለበት ሐሰት እላለሁ፣ «አንዳንድ ጊዜ» የሚል ካለበት እውነት እላለሁ ብሎኝ ሳቅኩ። ውጤቱ ግን ጥሩ ነው! ልጁ ነው የሚሳሳተው ወይስ ፈተናው?

ፈተናው። ልጅዎ ትምህርቱን ሳይሆን መምህሩን አጥንቶታል፣ ያም ቢሆን ብልህነት ነው። «ሁሉም»፣ «ማንም»፣ «በጭራሽ» የሚሉ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት ውስጥ ይገኛሉ፤ «ብዙውን ጊዜ»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት እውነት ውስጥ። ርዝመትም ያሳብቃል። መምህር እውነት ሲጽፍ እንዳይከራከሩት ብሎ ማሰሪያ ስለሚያበዛ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል።

መፍትሔው ቃላቱን መተው፣ ካልሆነም ማደናገር ነው። «ሁሉም ካሬዎች ሬክታንግል ናቸው» እውነት ነው። «አንዳንድ ፕራይም ቁጥሮች ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ» ሐሰት ነው። ልጅዎ እነዚህ ላይ ይቆም ነበር።

ለመምህራን አንድ ምክር፦ ፈተናውን ትምህርቱን ላልተማረ ሰው፣ ለምሳሌ ለሌላ ትምህርት መምህር፣ ስጡት። ከግማሽ በጣም ከፍ ብሎ ካገኘ ጥያቄዎቻችሁ መልሳቸውን እያሾለኩ ነው።

አድማጭ፦ አሉታዊ ዐረፍተ ነገር ለምን ይከለከላል? ስንናገር ሁሉ እንጠቀምበት የለ እንዴ?

አልተከለከለም፤ ግን አማርኛችን አሉታን ግሡ ሆድ ውስጥ ነው የሚደብቀው። «ይቀንሳል» እና «አይቀንስም» በጥድፊያ ላይ ላለ ዓይን ይመሳሰላሉ። እንግሊዝኛ ቢሆን ለብቻዋ የቆመች ቃል አለች፣ ማስመር ይቀላል። ሁለት አሉታ ሲደራረብ ደግሞ አይጣል ነው። አንድ ጊዜ «ብረት የማይዝገው እርጥበት በሌለበት አይደለም» የሚል ጥያቄ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤ ጥያቄ አውጪውን ደውዬ ጠየቅኩት። እሱም ትንሽ አሰብ አደረገ! «ብረት እንዲዝግ እርጥበት ያስፈልጋል» ቢባል ምን ነበረበት? አሉታ ግድ ከሆነ ሙሉ ቃሏን በደማቁ ጻፏት ወይም አስምሩባት።

አድማጭ (ተማሪ)፦ «የሰው ልብ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን ደምን የማጣራት ሥራ ይሠራል» የሚል ጥያቄ መጣብን። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም። ምን ልመልስ?

ሐሰት በዪ፣ የኔ ልጅ። አንድ ቦታ ሐሰት ከገባ ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ ሐሰት ይባላል፤ ደም የሚያጣራው ኩላሊት ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ አይደለም። መምህርሽ ስታርም የትኛውን እንደሳትሽ አታውቅም። ለሁለት መከፈል ነበረበት።

አድማጭ፦ ተማሪ እንዳይገምት ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ነጥብ ብንቀንስስ?

የታወቀ ዘዴ ነው፤ ልክ ከሆነው ላይ ስህተቱን መቀነስ። ከ20 ጥያቄ 12ቱን የሚያውቅ ልጅ የቀረውን 8 ቢገምት በአማካይ 4ቱን ያገኛል፣ 4ቱን ይስታል። 16 ሲቀነስ 4፣ 12። ስሌቱ ቆንጆ ነው። እኔ ግን ለክፍል ፈተና አልወደውም። ደፋሩ ልጅ ይገምታል፣ ፈሪው የሚያውቀውን ሁሉ ባዶ ይተዋል። ያኔ የምንለካው ዕውቀት ሳይሆን ድፍረት ነው። ግድ የምትጠቀሙበት ከሆነ ከፈተናው በፊት ንገሯቸው። ከፈተና በኋላ መናገር ነውር ነው።

አድማጭ (መምህር)፦ እኔ «ሐሰት ከሆነ አስተካክሉ» እላለሁ። ተማሪዎቼ ግን «አይደለም» ብለው ጨምረው ይሰጡኛል። ምን ላድርግ?

እነሱ ምን ያድርጉ፤ ትእዛዙን ፈጽመዋል! የሚለወጠውን ቃል እርስዎ ያስምሩበት። «ደምን ከልብ ወደ ሰውነት የሚወስዱት ደም መልሶች ናቸው» ብለው «ደም መልሶች» የሚለው ሥር ያስምሩ። ትእዛዙን ደግሞ «ሐሰት ከሆነ በተሰመረበት ፋንታ ትክክለኛውን ቃል ጻፉ» ያድርጉት። «ደም ቅዳዎች» ብሎ ያልጻፈ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። እውነት በሆኑት ላይም አስምሩ፤ አለዚያ መስመሩ ራሱ መልስ ይሆናል።

አድማጭ (የፊዚክስ መምህር)፦ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ማሰብን መለካት ይቻላል?

ይቻላል። አንድ ሁኔታ ሰጥቶ ከሥሩ አራት አምስት ዐረፍተ ነገር መደርደር ነው። እንዲህ፦ «80 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በኩባያ ተደርጎ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ።» ከዚያ፦ «ውኃው በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የሚያጣው ሙቀት ከቀጣዮቹ 5 ደቂቃዎች ይበልጣል።» እውነት። «ለረጅም ሰዓት ቢቆይ ከክፍሉ ሙቀት በታች ይወርዳል።» ሐሰት።

ይህን ጥያቄ አንድ ዓመት ከሰጠሁ በኋላ አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ ኩባያው ክፍት ከሆነኮ ውኃው ይተናል፤ ሲተን ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር ካለ ከ20 በታች ሊወርድ ይችላል» አለኝ። ልክ ነበር። ነጥቡን ሰጠሁት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጥያቄው «ክዳኑ በደንብ በተገጠመ ኩባያ» ይላል። ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳትበትን ጥያቄ ስታዩ መጀመሪያ ጥያቄውን ጠርጥሩ።

አድማጭ፦ ልጆች ሐሰት ደጋግመው ሲያነቡ ሐሰቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ አይቀርም?

ስጋትዎ መሠረት አለው። ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር እውነት ይመስለዋል፤ ይህን ተመራማሪዎች ከ1977 ጀምሮ በሙከራ ሲያሳዩ ቆይተዋል። መድኃኒቱ እርማቱን አለማዘግየት ነው። ወረቀቱ በተሰበሰበ ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ፣ ሐሰቶቹን አንድ በአንድ አንስታችሁ ለምን ሐሰት እንደሆኑ ተነጋገሩ። ውጤቱን ብቻ ለጥፎ ማለፍ ነው ጉዳቱ።

አድማጭ፦ ስንቱ እውነት፣ ስንቱ ሐሰት ይሁን? ተራውስ?

ሐሰቱን ትንሽ አብዙት፤ ከ20 ጥያቄ 11 ወይም 12። ያልገባው ልጅ ሲጠራጠር «እውነት» ማለት ስለሚቀናው፣ ጎበዙን ከሰነፉ ይበልጥ የሚለየው ሐሰቱ ነው። በየፈተናው ግን ያው ቁጥር አይሁን፣ ተማሪ ይቆጥራል። ተራውን በዕጣ አውጡት፣ ሳንቲምም ይበቃል። (ሳንቲም ያሉት አድማጭ ደስ ይበላቸው።)

በመጨረሻ መልሱን «እ» ወይም «ሐ» ብላችሁ ጻፉ አትበሉ። በላቲን ቲ እና ኤፍ ደግሞ የባሰ ነው። ልጁ ቲ ይጽፍና መሐል ላይ አንዲት ጭረት ጣል ያደርጋል። ስታርሙ ቲ ካላችሁት ቲ ነው፣ ኤፍ ካላችሁት ኤፍ። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ይቺን ጭረት በደንብ አውቃት ነበር። ሁለቱን ቃላት ከጥያቄው ጎን አትሙና ተማሪዎቹ አንዱን ያክብቡ።