አምስት ሳህን

የተከበራችሁ የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች፣ ወንድሞችና እህቶች፣

ከምሳ በፊት ስለ አንድ እንግሊዛዊ ጋሪ ነጂ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኤርነስት ቤቪን በ1881 በሶመርሴት ገጠር ተወለደ። አባቱን አያውቅም። እናቱ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በ11 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ እርሻ ላይ ተቀጠረ። ኋላ ብሪስቶል ገብቶ ጋሪ ነዳ። የጋሪ ነጂዎችን ማኅበር ማደራጀት የጀመረውም እዚያው ነው።

1920 ላይ ቆም እንበል። የወደብ ጫኝና አውራጆች በቀን 16 ሺሊንግ ይከፈለን አሉ። ጉዳዩ አጣሪ ችሎት ፊት ቀረበ። አሠሪዎቹ ቦውሊ የሚባሉ ስመ ጥር የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ይዘው መጡ። ፕሮፌሰሩም ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ይበቃዋል ብለው አስልተው አቀረቡ።

ቤቪን ምን አደረገ መሰላችሁ? ምሥራቅ ለንደን፣ ካኒንግ ታውን ገበያ ወረደ። በዚያ ሒሳብ የሚገኘውን ምግብ ገዛ። አስበስሎ አምስት ሳህን ላይ አካፈለው። ሳህኖቹን ችሎቱ ፊት ደረደረ። ለአፍ እንኳ የማይሞላ ነገር! ቀኑን ሙሉ ስንዴ በጀርባው ሲሸከም የሚውል ሰው በዚህ ይጠግባል ወይ ብሎ ጠየቀ። 16ቱ ሺሊንግ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ «የጫኝና አውራጆች ጠበቃ» አሉት። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ማለት ነው።

በ1922 ማኅበራትን አዋህዶ የትራንስፖርትና ጠቅላላ ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል የሥራ ሚኒስትር አደረገው።

እኛንም ይነካናል። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት በ1935ቱ ሳምንት የቤቪን ፓርቲ፣ የእንግሊዝ ሠራተኞች ፓርቲ (ሌበር)፣ ብራይተን ከተማ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። መሪው ላንስበሪ ጦርነት የሚጠሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ አልደግፍም አሉ። ቤቪን ተነስቶ በቃላት ገረፋቸው። በቀናት ውስጥ መሪነቱን ለቀቁ። ለሽማግሌ የማይባል ንግግር ነበር፤ እኔ ግን ማዕቀቡ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ።

ይኸው ሰው በ1946 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ደግሞ ኦጋዴን ከሌሎቹ የሶማሌ ግዛቶች ጋር ተጠቃሎ በአንድ ሞግዚት ሥር ይሁን አለ። ኢትዮጵያ እንቢ አለች፤ ሐሳቡም ከሸፈ። ስለዚህ ፎቶውን ስቀሉ አልላችሁም። የሳህኖቹን ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቅበት ነበር።

ምሳ የቀረበ መሰለኝ። አመሰግናለሁ።