የሰረዝኳት 9.76

ሰላም፣ እንደምን አመሻችሁ? ዛሬ ሰፈራችን መብራት የለም። የምቀዳው በስልኬ ነው፣ ባትሪው 31 ፐርሰንት ይላል፣ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ስለ ፊዚክስ ዲግሪዬ ላወራ ነው። እንዲያውም ስለ ዲግሪው አይደለም፣ ስለ አንድ ከሰዓት ላብ፣ ስለ ላብራቶሪ ሥራ ማለቴ ነው።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ባንክ ነው የምሠራው። ፊዚክስ መማሬን ሰው ሲሰማ ወይ «ጎበዝ ነበርሽ ማለት ነው!» ይለኛል፣ ወይ «ታዲያ ባንክ ምን ትሠሪያለሽ?» ሁለተኛውን አባቴም ይለኛል፣ በየበዓሉ።

መርጬ አልገባሁም። በ2003 ነው የገባሁት፣ ያኔ ዲግሪው ሦስት ዓመት ነበር። ፎርም ሞላን፣ እኔ ፋርማሲን አንደኛ አደረግኩ። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት ፊዚክስ ስር ነው። «ደረሰኝ» ነው የሚባለው፣ ልክ እንደ ዕቁብ። ዶርማችን ውስጥ ፊዚክስ የደረሰኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ አልጋዬ ላይ ተሰብስበው ሲያጽናኑኝ ያየ፣ መርዶ የተነገረኝ ነው የሚመስለው።

እሺ፣ ላቡ። አንደኛ ዓመት፣ ፔንዱለም። አንድ ሜትር ክር፣ ጫፉ ላይ የብረት ኳስ፣ ሰዓት መያዣው የአንዱ ልጅ ሞባይል። ሰባት ሆነን ለአንድ ዕቃ። ኳሷን ትንሽ ገፋ አድርገህ ትለቃለህ፣ ሃያ ጊዜ ሄዳ ስትመለስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ትይዛለህ፣ ከዚያ በቀመሩ የመሬትን ስበት ታወጣለህ። 40.23 ሰከንድ ያዝን። ካልኩሌተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ 9.76 አለ። ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «ተሳስተናል፣ እንደ መጽሐፉ 9.81 ነው መውጣት ያለበት» አለ።

ደገምን፣ 9.74 ወጣ። ሠለስን፣ 9.78። ሰዓቱ አለቀ፣ ቀጣዩ ግሩፕ በር ላይ ቆሟል።

ያደረግነውን ፊዚክስ የተማራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከ9.81 ተነሥተን ወደ ኋላ አሰላን። ሃያው ዙር 40.12 ሰከንድ መሆን አለበት ማለት ነው። እሱን ጻፍን፣ እንዳያሳጣን ደግሞ አንዱ ላይ 40.10፣ አንዱ ላይ 40.15 ነሰነስንበት። የእኔን 9.76 በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። ከአሥር ዘጠኝ አገኘን። ሪፖርቱ ለቀጣዩ ባች ሳይተርፍ አልቀረም፣ የእኛም መግቢያ ከሲኒየሮች የተገለበጠ ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ባንክ ገባሁ፣ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ። እዚያ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሁለት መቶ ብር ከጎደለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ስሊፕ በስሊፕ ይለቀማል። ብሩ ሲተርፍም ያው ነው፣ እንዲያውም ሲተርፍ ይብሳል። «መውጣት ያለበት ይሄ ነው» ብለህ ቁጥር ብትጽፍ የምትጠየቀው በሕግ ነው። አንድ ማታ እንደዚያ የጎደለ ስንፈልግ አምሽተን፣ ታክሲ ውስጥ ያቺ 9.76 ትዝ አለችኝ።

መጽሐፉ ላይ ያለው 9.81 የማን ነው? እነ ለንደን አካባቢ የሚለካ ቁጥር ነው። ስበት በየቦታው አንድ አይደለም። ዋልታዎቹ ላይ 9.83፣ ምድር ወገብ ላይ በባሕር ጠለል 9.78 ነው፣ ምክንያቱም መሬት ወገቧ ላይ ሰፋ ትላለች፣ ስትሽከረከር ደግሞ ትንሽ ያቀልለናል። እኛ ለወገቡ ቅርብ ነን፣ በዚያ ላይ ደጋ ላይ ነን። የተማርኩባት ከተማ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ስበቱ 9.77 አካባቢ ነው። የሰረዝኳት ቁጥር ከጻፍኩት ይልቅ ለእውነቱ ትቀርብ ነበር!

ሳምንት ሙሉ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። እናቴ እንኳን ሰምታለች፣ «እሰይ» ብላኛለች።

ከዚያ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ደስታዬ ላይ ውሃ ተቸለሰበት። ሞባይል የያዘ አውራ ጣት ሲጀምርና ሲያቆም ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ቢሳሳት አይገርምም። ያቺ ስሕተት ደግሞ ስበቱን በ0.1 ወደላይ ወይም ወደታች ታንቀሳቅሰዋለች። ስለዚህ የእኛ መልስ መጻፍ የነበረበት «9.76፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.1» ተብሎ ነው። እዚያ ውስጥ 9.81ም ይገባል፣ 9.77ም ይገባል። አልተሳሳትንም፣ ትክክልም መሆናችንን አላሳየንም። ሲጀመር የሚሰረዝ ነገር አልነበረም! ያቺ «ሲደመር ሲቀነስ» የላብ ማንዋሉ መግቢያ ላይ አለች፣ ዘለልናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ኳንተም ሜካኒክስ ድረስ ሄጃለሁ፣ ያቺን ገጽ ግን የተማርኳት ካሽ ስቆጥር ነው ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ ይሄ አገር ለፊዚክስ ጉደኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ፈተና ላይ ግን 100 ብለን ነው ያለፍነው። የማግኔት ወገብም በእኛ በኩል ያልፋል፣ የኮምፓስ መርፌ እዚህ አፍንጫዋን ሳትደፋ ጋደም ብላ ነው የምትቆመው። ከላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ቀን ቀን ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት በዚያው ወገብ ይፈስሳል። እሱን የሚከታተል መሥሪያ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ይሄን ሁሉ ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

ለማንኛውም። ያለፈው እሑድ ክር ገዛሁ። የበሩ ጉበን ላይ አሰርኩት፣ ጫፉ ላይ ከቁልፍ ሠሪ ያገኘኋት ከባድ ብሎን አለች። ዘዴው ቀላል ነው፣ ሃያ ሳይሆን ሁለት መቶ ጊዜ መቁጠር። የአውራ ጣቴ ስሕተት ያው ነው፣ ግን ለሁለት መቶ ዙር ትካፈላለች። 9.81 ከሆነ 401 ሰከንድ፣ 9.77 ከሆነ 402 ገደማ። ክሩን በሚሊ ሜትር መለካት አለብህ፣ ብዙም መግፋት የለብህም፣ ያ ብቻ ነው። ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው።

ቆጠርኩ። ቆጠርኩ። መቶ አርባ ሦስት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ክሩ ደግሞ የታሰረው በሩ ላይ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። «ልጄ፣ አንቺ ፊዚክስ ተምረሻል አይደል? ምጣዴ አልግል አለኝ።»