65 ሚሊዮን ዓመት ሲጠነሰስ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንዲት መስመር ነው። ፊልም ሊወጣ ሲል ፖስተሩ ላይ፣ ትሬለሩ ላይ፣ ከርዕሱ ጋር የምትመጣ አጭር መስመር አለች አይደል? መፈክር እንበላት። እኔ፣ ወንድሜና ጓደኞቻችን በአንዲት እንዲህ ዓይነት መፈክር የተነሳ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቡና እየጠጣን ተከራክረናል።

ፊልሙ ጁራሲክ ፓርክ ነው። የስቲቨን ስፒልበርግ ሥራ፤ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ሰኔ 1993 የወጣው። ታሪኩ፣ አምበር በሚባል የደነደነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ከቀረች ትንኝ የዳይኖሰር ደም ወስደው፣ በደሙ ዲኤንኤ (የዘር መረጃ) ዳይኖሰሮችን ዳግም ስለፈጠሩ ሰዎች ነው። መፈክሩ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመጣ «ሲሰራ 65 ሚሊዮን ዓመት የፈጀ ጀብዱ» ይላል። ክርክሩ እንግዲህ ይህ ቁጥር ልክ ነው አይደለም የሚል ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ደሴ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። ቪዲዮ ቤት የደረሳችሁበት ታውቁታላችሁ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ያለው። ውጪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። የዚያን ቀን ግን ከሰሌዳው ጎን ፎቶ ኮፒ የተደረገ ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ቀለሙ የደበዘዘ የዳይኖሰር አጽም፣ ዙሪያውን እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛ ገና አላነብም ነበር። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ማንበብ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 65።

ወንድም ጋሼን «65 ምንድነው?» አልኩት። «ግባ፣ ታየዋለህ» አለኝ። የዳይኖሰሮቹ ብዛት ነው ብዬ ገባሁ። ቁጭ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ዳይኖሰር የሚታይበት ጊዜ ግን ሁሉም ተደምሮ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። እነዚያ በመንጋ የሚሮጡት ሲመጡ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ወንድም ጋሼ ነገረኝ። «65 ሚሊዮን ዓመት ማለት ነው፤ ከጠፉ።» ሚሊዮን ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሺህን ሺህ ጊዜ ቁጠር» አለኝ። ቆጥሬ ልጨርሰው እየሞከርኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፊልሙን አሁን ሳስበው ከቲ-ሬክሱ ጩኸት በፊት የሚመጣልኝ ያ ቁጥር ነው።

ታዲያ ሰሞኑን ጂኦሎጂ የተማረ ጓደኛችን ስኒውን አስቀምጦ «መፈክሩ እኮ ስህተት ነው፣ 66 ነው» ሲል ደስ አላለኝም። እውነቱን ነው ግን። ፊልሙ ሲወጣ መጻሕፍቱ ሁሉ 65 ነበር የሚሉት። በ2013 ፖል ሬኒ የሚባል የበርክሌይ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር እንደገና ለካው። ሞንታና ውስጥ ካለ የእሳተ ገሞራ አመድና ሄይቲ ላይ ከተገኙ፣ ያ ትልቁ የሰማይ አለት ሜክሲኮ ላይ ሲወድቅ ቀልጠው ከተረጩ ብርጭቆ መሳይ ጠብታዎች ማለት ነው። ውጤቱ ከ66 ሚሊዮን ትንሽ አለፍ ያለ ሆነ።

እንዴት ይለካል? ይሄ ደስ ስለሚለኝ ልንገራችሁ። ድንጋይ ውስጥ ፖታሲየም አለ። የተወሰነው ፖታሲየም በጣም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ የቆየው ጋዝ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ከዜሮ መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ ውስጡ የታሰረውን አርጎን የለካ ሰው ድንጋዩ ከቀዘቀዘ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ያውቃል። ከ65 ወደ 66 ያሻገረን አንዱ ምክንያትም ሰዓቱ ራሱ መስተካከሉ ነው። ሰዓቱን የሚያስተካክሉበት ማነጻጸሪያ ድንጋይ ዕድሜው በትንሹ ዝቅ ተደርጎ ተይዞ ነበር። እሱ ሲታረም ሌላውም አብሮ ከፍ አለ።

ይሄ ዘዴ ለእኛ ባዳ አይደለም። አርዲን ታውቋታላችሁ፤ አፋር፣ አራሚስ የተገኘችውን ጥንታዊት የሰው ዘር ቅሪተ አካል። 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው የሚባለው የእሳተ ገሞራ አመዱ በዚሁ በአርጎን ተለክቶ ነው። ከለኩት መካከል የእኛው ጂኦሎጂስት ጊዳይ ወልደገብርኤል አለ። ይኸው ፖል ሬኒም አለ። አስቡት። የዳይኖሰሮቹን መጨረሻ ቀን ያረመው ሰው የአፋርንም አመድ ለክቷል። ጓደኛችን ይህን ሲነግረን ወንድም ጋሼ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲህ ሰውዬውን ካመንነው ለሁለቱም እናምነዋለን» አለ።

አንዱ ጓደኛችን ግን ትዕግስቱ አለቀ። «ለአንድ ሚሊዮን ዓመት ትጣላላችሁ? ፊልም እኮ ነው!» አለ። እኔ ይህን አልቀበልም። አንድ ሚሊዮን ዓመት ትንሽ የሚመስለን ከ65 ጎን ስለተቀመጠ ነው። የእኛ ዝርያ፣ ሰው የምንለው፣ ምድር ላይ ከታየ 300 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። አፋር ውስጥ ሄርቶ ላይ የተገኙት የሰው ራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት ናቸው። በዚያች አንድ ሚሊዮን ውስጥ የሰው ልጅ ታሪክ ሦስት ጊዜ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ደግሞም ቁጥሩን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። «ልብ አንጠልጣይ» ብለው ቢጽፉ ማንም አያርማቸውም፣ ማንም አያስታውሳቸውምም። ቁጥር የጻፈ ሰው «ኑ፣ ቁጠሩልኝ» ብሏል። እኔ ሕፃን ሆኜ አምኜው ቆጥሬያለሁ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ ብቆጥርለት ምን ነውር አለው?

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነገሩ ወደ ቋንቋ ዞረ። «ሲሰራ» የሚለው ቃል አልመቸንም። ማን ነው የሰራው? 65 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ማንም እየሰራ አልነበረም። «የተደከመበት» አልን፤ እሱም አይሆንም። የወንድሜ ባለቤት ጀበናውን እያወረደች «ሲጠነሰስ የኖረ በሉት» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አያችሁ? ጥንስስ ማለት ይኸው ነው። አዋህደህ ትከድነዋለህ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይሰራል። ትንኟ የዳይኖሰር ደም መጠጠች፣ ዛፍ ላይ አረፈች፣ ሙጫው ዋጣት፣ ሙጫው ደነደነና አምበር ሆነ። ተከደነ። ሰው መጥቶ እስኪከፍተው ድረስ።

ቃሉ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ። ጥንስሱ መቼ ተጣለ? 66 ሚሊዮን የመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የምትነክሰው ዳይኖሰር ያጣች ትንኝ ብቻ ናት ያለችው። ስለዚህ ቁጥሩ የሚስማማው እስከ መጨረሻው ለነበሩት ነው፤ ለቲ-ሬክስና ለትራይሴራቶፕስ። ቬሎሲራፕተር 70 ሚሊዮንን ያልፋል። በነገራችን ላይ እሱ በእውነቱ እስከ ዳሌው ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሆን፣ ላባ የነበረው እንስሳ ነው። ያ አንገተ ረጅሙ፣ ከዛፍ ጫፍ ቅጠል የሚቀነጥበው ብራኪዮሰረስ ወደ 150 ሚሊዮን ይጠጋል። የአንገቱን ቆዳ ዘርግቶ መርዝ የሚተፋው ዳይሎፎሰረስ ደግሞ ከ180 ሚሊዮን በላይ ነው። መርዙን ፊልሙ የተሠራበት የማይክል ክራይተን ልቦለድ፣ የአንገቱን ቆዳ ደግሞ ፊልሙ ነው የጨመረለት። ከቲ-ሬክስ እስከ ዳይሎፎሰረስ ያለው ርቀት ከቲ-ሬክስ እስከ እኛ ካለው በጣም ይበልጣል። እኔ ይህን ስሰማ ስኒው እጄ ላይ ቀረ። የፊልሙ ስም ጁራሲክ ነው፤ የጁራሲክ ዘመን ደግሞ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቋል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው ከስሙ ጋር የሚገጥሙት።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አምበሩ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የአምበር ማዕድን ማውጫ ያሳያል። ሰዎች ጭቃ ለብሰው ከጉድጓድ ይወጣሉ፤ አንዱ ድንጋዩን ወደ ብርሃን ያነሳና ውስጡ ትንኟ ትታያለች። እኔ ያንን ትዕይንት በጣም ነው የምወደው። ቦታው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው ተብሏል። የዶሚኒካን አምበር ዕድሜው ግን ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ነው የሚባለው። እዚያ የተያዘች ትንኝ ዳይኖሰር የሚባል ነገር በአባቶቿም አልደረሰችበት። ይሄ ከ65 ወይስ 66 የከፋ ነው። ቁጥሩ ላይ የተሳሳቱት ዓለም ሁሉ ከተሳሳተው ጋር ነው። እዚህ ግን ቦታ መቀየር ብቻ ይበቃ ነበር። ሊባኖስ ቢሉት፣ ምያንማር ቢሉት፣ ዳይኖሰሮች በሕይወት ሳሉ የደነደነ እውነተኛ አምበር አለ።

ዲኤንኤውን እንኳ እንተወው። በ2012 በኒውዚላንድ የጠፋ ትልቅ ወፍ አጥንቶች ላይ በተሰራ ጥናት መሠረት ዲኤንኤ በ521 ዓመት ግማሹ ይፈርሳል። እስካሁን የተነበበው እጅግ ጥንታዊው ከግሪንላንድ የተገኘ 2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው። በወንድሜ ባለቤት ቋንቋ፣ ጥንስሱ ሳይደርስ ይበላሻል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ጂኦሎጂስቱ ጓደኛችን ስልኩን አወጣና አንድ ፎቶ አሳየን። ቢጫ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ ጥፍር የሚያህል ነገር። ውስጡ ትንሽ ነፍሳት፣ ክንፏ እንደተዘረጋ። «ይሄ ከየት ነው?» አልን። «ከእኛ» አለ። ከሰሜን ምዕራቡ የኢትዮጵያ ደጋ። በ2010 ሲታተም ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ነበር። ይህ ማለት እውነተኛ የዳይኖሰር ዘመን አምበር፣ ያውም ከእኛ አገር! ወንድም ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። ጓደኛችን ግን ቀጠለ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እንደገና አይተውት ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ባለው ውስጥ ነው ተባለ። የዶሚኒካኑ እኩያ ሆነ ማለት ነው። እነ ስፒልበርግን አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው ያረምናቸው። የእኛው አምበር ከ70 ሚሊዮን በላይ ታረመ።

ወንድም ጋሼ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን ሁለት ጣቱን ዘርግቶ አጎላው። ክንፏ ላይ ያሉት ሥሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። «20 ሚሊዮንም ቢሆን እኮ ...» አለና አልጨረሰውም። እኔም ቀና ብዬ አየሁት። ያን ማታ ደሴ ላይ ሚሊዮንን ሲያስቆጥረኝ የነበረው ልጅ ነበር።

አማርኛው ላይ የደረስንበትን ልንገራችሁና ልሰናበት። «ከ65 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲጠነሰስ የኖረ ጀብዱ።» «በላይ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ናት፤ 66ንም፣ 150ንም፣ 180ንም ትሸከማለች። ጂኦሎጂስቱ ተስማምቷል። የወንድሜ ባለቤትም ተስማምታለች። ወንድም ጋሼ ግን «በላይ» ስትገባ መፈክሩ የቀበሌ ሪፖርት መሰለ ይላል። ሕፃን ልጅ ፖስተሩ ላይ ማየት ያለበት 65 ብቻ ነው፣ ሌላውን ማታ ቤት ገብቶ ይጠይቅ ይላል። ቅዳሜ እሱ ጋ ነው ቡናው። እንደገና እናነሳዋለን።