ሁለተኛው ሸክላ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ አልጠራሁም፤ ማይክሮፎኑና እኔ ብቻ ነን። የመጀመሪያውን እትማችንን ታሪክ ለዓመታት ስሸሸው ኖሬአለሁና ዛሬ አውጥቼው ልገላገል።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት የአንዲት ትንሽ የጃዝ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበርኩ። ዋና አዘጋጅ ሲባል ይከብዳል እንጂ ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ አንዷ ገጹን ታቀናብራለች፣ የቀረው ሁሉ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው። ለመጀመሪያው እትም ዋናውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ገጽ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በ1959 ስለቀረጸው "ጃይንት ስቴፕስ" ነበር። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ። ሙዚቃው በሦስት ቁልፎች፣ ማለትም ዜማው በሚያርፍባቸው ሦስት መሠረታዊ ድምፆች፣ መካከል እንዴት እንደሚዘል፣ ሦስቱ ቁልፎች እርስ በርሳቸው በእኩል ርቀት እንዴት እንደተቀመጡ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ቶሚ ፍላናገን ተራው ሲደርስ በዚያ ፍጥነት እንዴት እንደተደናቀፈ፣ ሁሉንም በኖታና በቀስት አስደግፌ ተነተንኩት። ሌሊት ሌሊት እየጻፍኩ በራሴ ብልሃት ስደሰት አነጋ ነበር።

ሦስት ደብዳቤ ደረሰን። ሦስቱም ከሙዚቀኞች ነበሩ፣ ሦስቱም ስሕተቴን የሚያርሙ። ከእነርሱ ሌላ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ነገሩን የሚያውቁት ሰዎች ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የማያውቁት ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥለውኝ ሄደዋል። ሁለተኛው እትም ከወጣ በኋላ ካርቶኖቹ ሳይከፈቱ ሲመለሱልን ፎቶ አንሺያችን ቆጠራቸውና "ቢያንስ አልተጎዱም" አለ።

ያን ጊዜ አንባቢያችሁ ማን ነው ተብዬ ብጠየቅ "ጃዝ ወዳድ" ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ጃዝ ወዳድ የሚባል ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ያጋጠመኝ የድሮውን ሉዊ አርምስትሮንግን እያደመጠ እንባው የሚመጣና የተለመደውን ሕግ የጣሰው ኦርኔት ኮልማን ሲከፈትበት ከክፍሉ የሚወጣ ሰው ነው። ሌላው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ጠቡ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። በ1940ዎቹ ቢባፕ የሚባለው ፈጣንና ውስብስብ አዲስ የጃዝ ስልት ብቅ ሲል የአሜሪካ መጽሔቶች ጎራ ለይተው ተፋለሙ፤ የድሮውን ስልት የሚወዱት ሰዎች "የሻገተ በለስ" የሚል ስም ወጣላቸው። ከፈረንሳይ ቀደምት የጃዝ ሐያስያን አንዱ የነበረው ሁግ ፓናሲዬ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ቢባፕን ጃዝ ነው ብሎ አልተቀበለም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ በአንድ መጽሔት ላስደስት ነበር ሐሳቤ።

ስንቸገር ምክር ጠየቅን። አንድ የገበያ ባለሙያ ለግማሽ ቀን አስቀምጦን ስለ "ዒላማ ታዳሚ" አስተማረን። ቃሉ ያን ቀንም አልጣመኝም፣ ዛሬም አይጥመኝም፤ ዒላማ የሚተኮስበት ነገር ነው፣ አንባቢ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ጣሳ አይደለም። ባለሙያው በሰሌዳው ላይ አንባቢያችንን ሣለልን። ወንድ፣ ዕድሜው ከ45 በላይ፣ የተማረ፣ ደህና ገቢ ያለው። እኛም አመንን። ሦስተኛውና አራተኛው እትም ለዚህ ሰው ተዘጋጁ። ወረቀቱ ወፍራም ሆነ፣ ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ሆኑ፣ ጭስ በዛባቸው። ሰውየው ግን አልመጣም።

በኋላ አንድ የቆየ ታሪክ ሳነብ ነው የሆነው ነገር የገባኝ። ሊዮናርድ ፌዘር የሚባል ሐያሲ ለሙዚቀኞች ማን እንደሚጫወት ሳይነግር ሸክላ እየከፈተ አስተያየታቸውን የሚጠይቅበት ዓምድ ነበረው። በ1946 "ሜትሮኖም" በሚባለው መጽሔት ላይ ጀምሮት ኋላ ወደ "ዳውንቢት" ይዞት ሄደ። በ1951 ትራምፔት ተጫዋቹ ሮይ ኤልድሪጅ የሚጫወተው ጥቁር ይሁን ነጭ በጆሮዬ ብቻ እለያለሁ ብሎ ገባበት። ደጋግሞ ተሳሳተ፤ በመጨረሻም በማድመጥ ብቻ መለየት እንደማይቻል አመነ። ያን የሚያህል ጆሮ ያለው ሰው ከድምፁ ተነስቶ የተጫዋቹን መልክ መገመት ካቃተው፣ እኔ ከሰው መልክና ዕድሜ ተነስቼ ጆሮውን ልገምት መነሳቴ ድፍረት ነበር።

ስለዚህ ሰሌዳውን ትቼ ሰው ወዳለበት ሄድኩ። ለብዙ ምሽቶች በጃዝ ኮንሰርቶች መግቢያ ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ቆምኩ። መጀመሪያ የምጠይቀው "ጃዝ ይወዳሉ?" ብዬ ነበር። ይህ የማይረባ ጥያቄ ነው፤ ትኬት ገዝቶ የመጣ ሰው አልወድም አይልም። ከጥቂት ቀን በኋላ "በቅርቡ ደግመው ደጋግመው የሰሙት ሙዚቃ የቱ ነው?" ወደሚለው ቀየርኩት። ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ መሆን የሚፈልገውን ይነግራችኋል፤ ስላደረገው ነገር ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ይናገራል።

መልሶቹ ያላሰብኩት ቦታ ወሰዱኝ። አንድ ወጣት የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ነገረኝ፤ ያገኘው ግን ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌይ በ2010 ባወጡት አልበም ውስጥ ተቀንጭቦ ሲገባ ሰምቶ ነው። ቅንጫቢው ከየት መጣ ብሎ ወደ ኋላ ሲቆፍር ጃዝ ላይ ወደቀ። ሁለት ሴቶች ደግሞ የስዊንግ ጭፈራ ተማሪዎች ነበሩ፤ የካውንት ቤዚን ኦርኬስትራ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፣ የሚያውቁት ግን በእግራቸው ነው። አንድን ሙዚቃ የሚገልጹት በደቂቃ ስንት ምት እንዳለው ነው። በመጽሔታችን ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የበዛው መልስ ግን አንድ አልበም ነበር፤ "ካይንድ ኦፍ ብሉ"። ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1959 በሁለት የስቱዲዮ ቀጠሮ ብቻ ቀርጾ የጨረሰው አልበም በአሜሪካ ብቻ በ2019 የአምስት ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና አግኝቷል። ይህን አውቅ ነበር፤ ለእኛ ምን ትርጉም እንዳለው ግን አስቤበት አላውቅም። "ሌላስ?" ስላቸው ብዙዎቹ ዝም ይሉ ነበር። አንዲት ጎልማሳ ሴት እንደ ማፈር ብለው "እኔ እንኳ ጃዝ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ ይህችን አንድ ሸክላ ነው ያለኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት እከፍታታለሁ" አሉኝ። ስንት ጊዜ ነው ቅዳሜ ጠዋት የሚከፍቷት? "አሥር ዓመት ይሆናል" አሉ።

አስቡት። አሥር ዓመት ሙሉ አንድን ሙዚቃ በፍቅር ያደመጠ ሰው "አላውቅም" ይላል። ወደ ሙዚቃ ቤት ቢገባ በሺህ የሚቆጠር ስም ይጠብቀዋል። ባለሙያ እንዳይጠይቅ ያፍራል፤ የእኔን መጽሔት ቢያነሳ ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ቀስት። ያ ምሽት አንባቢዬን ያገኘሁበት ነው። አንድ ሸክላ ያለውና ሁለተኛውን የማያውቅ ሰው። ዕድሜው፣ ጾታው፣ ገቢው አልቸገረኝም፤ የቆመበት ቦታ ግን ግልጽ ሆኖ ታየኝ።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ከእኛ በፊት ያወቁት አሉ። "ጃዝታይምስ" የሚባለው መጽሔት የተወለደው በ1970 ዋሽንግተን ውስጥ ነው። አይራ ሳቢን የሚባል ሸክላ ሻጭ ለሱቁ ደንበኞች "ሬዲዮ ፍሪ ጃዝ" የሚል ቅጠል ጋዜጣ አወጣ፤ በ1980 ስሙ ተቀየረ። በቅናት የማስበው ሰው ነው። እኔ መጽሔት ሠርቼ አንባቢ ፈለግሁ፤ እርሱ በየቀኑ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ የሚያየው አንባቢ ስለነበረው ጻፈ። ማን ምን ይዞ እንደወጣ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ምን እንደጠየቀ ያውቃል።

ዊሊስ ኮኖቨር ደግሞ ከ1955 ጀምሮ በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በአጭር ሞገድ የጃዝ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። አድማጮቹ በአብዛኛው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ፣ ከፊሎቹ በምሥራቅ አውሮፓ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግሊዝኛውን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየለየ ይናገር ነበር። ጣቢያው በሕግ ለአገር ውስጥ እንዳያሰራጭ ተከልክሎ ስለነበር በገዛ አገሩ እምብዛም አይታወቅም፤ ውጭ ሲወጣ ግን ሕዝብ ይሰበሰብለታል። ሙዚቃውን አላቀለለም። ነባሩን ዱክ ኤሊንግተንን አቅርቧል፣ አዳዲሶቹንም አቅርቧል። ያቀለለው አነጋገሩን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እኔን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። የመጽሔቷን እምብርት ወደ አንድ ዓምድ ቀየርነው፤ ስሙም "ከዚህ ቀጥሎ"። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ያለውን አንድ አልበም እንወስድና ጀርባው ላይ የተጻፉትን ስሞች እንከተላለን። "ካይንድ ኦፍ ብሉ" ላይ ፒያኖ የሚጫወተው ቢል ኢቫንስ ነው፤ አንድ ሙዚቃ ላይ ብቻ ዊንተን ኬሊ ይተካዋል። ያ ዝግ ያለ የፒያኖ ድምፅ ደስ ካላችሁ ኢቫንስ በ1961 ከስኮት ላፋሮና ከፖል ሞሽን ጋር በኒው ዮርኩ የጃዝ ክበብ በቪሌጅ ቫንጋርድ የቀረጸውን ስሙ። አልቶ ሳክስፎኑ ከማረካችሁ ካነንቦል አደርሊን ተከተሉ። ቤዙ ከሆነ ፖል ቼምበርስ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት "ጃይንት ስቴፕስ" ላይ ቤዝ የተጫወተውም እርሱ ነው። የጃዝ ሙዚቀኛ ከአንድ ቡድን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ስለሚኖር እያንዳንዱ ስም በር ነው፤ አንባቢውን ማንም ሳይመራው ራሱ እየከፈተ ይሄዳል። በአንድ እትም ሁለት ወይም ሦስት አልበም ብቻ እንጠቁም ነበር። "ሊሰሟቸው የሚገቡ መቶ አልበሞች" የሚባለውን ነገር አልወደውም፤ ለጀማሪ መቶ መስጠት በሩ ላይ ጓጉንቸር እንደ ማንጠልጠል ነው።

ስርጭቱንም ቀየርን። ቀሪ ቅጂዎችን ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤቶች መላካችንን ቀንሰን ለስዊንግ ጭፈራ አስተማሪዎች ሰጠን፤ ለእነርሱም የየሙዚቃውን ፍጥነት በቁጥር የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ጨመርን። ቅንጫቢ ፈላጊ ለሆኑት ወጣቶች ኸርቢ ሃንኮክ በ1964 ያወጣው "ካንታሎፕ አይላንድ" ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ እንዴት የሂፕ ሆፕ ተወዳጅ ሆኖ እንደተመለሰ ጻፍን። የምንቆጥረውንም ነገር ለወጥን። አዲስ ገዢ መቁጠር ትተን ሦስተኛውን እትም የገዛውን መቁጠር ጀመርን። አንድን እትም ሰው በሽፋኑ ሊገዛው ይችላል፣ ሁለተኛውን በይሉኝታ ሊገዛ ይችላል፤ በሦስተኛው ግን አያታልላችሁም።

ዋጋ አልከፈልንም አልልም። ሸክላ ሰብሳቢዎቹ ተቆጡ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደንበኛችን የነበሩ አንድ አዛውንት "መጽሔታችሁ መዋዕለ ሕፃናት ሆናለች" ብለው ጻፉልኝ። የሙዚቃ መሣሪያ ሻጭ የሆነ አስተዋዋቂም አንባቢዎቻችሁ አይጫወቱም ብሎ ተወን፤ እውነቱን ነው። ለአዛውንቱ ራሴ ደወልኩላቸው። "እርስዎ ሁለተኛውን ሸክላ ማን ነበር የመረጠልዎት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ የታላቅ ወንድማቸውን ነገር አንስተው ለሃያ ደቂቃ ያህል አወሩኝ። ደንበኝነታቸውን ግን አላደሱም።

ሙዚቀኞቹንም ሙሉ በሙሉ አልጣልናቸውም። የመጨረሻውን ገጽ ለእነርሱ ተውነው፤ ኖታም ቀስትም የሚፈቀድበት ብቸኛው ገጽ እርሱ ነበር። ሌላው አንባቢ እንዲዘለው በግልጽ ጻፍንበት። ጥቂቶች ግን ዝለሉ መባሉ ራሱ እንዳሳባቸው ነግረውኛል፤ ይህን አስቤው ነበር ብል እዋሻለሁ።

አሁን ወደ ጎልማሳዋ ሴት ልመለስ። ያን ምሽት መጽሔቷን በነጻ ሰጥቻቸው ነበር፤ ኋላ ደንበኛ ሆኑ። አራት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አጭር ደብዳቤ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ጠዋት የሚከፍቱት ሌላ ነገር እንደሆነ፣ በፖል ቼምበርስ በኩል አድርገው ኮልትሬን ዘንድ እንደደረሱ ነገሩኝ። ከዚያም "ያ ፒያኖ ተጫዋች ለምን እንደዚያ እንደተደናገጠ የሚያስረዳኝ ጽሑፍ ይኖራችሁ ይሆን?" ብለው ጠየቁ።

መጋዘን ገባሁ። ካርቶኖቹ እንዳሉ ነበሩ። አንድ የመጀመሪያ እትም አወጣሁ፣ የሦስቱን ሙዚቀኞች ደብዳቤም ፈልጌ አገኘሁ፤ እርማቶቻቸውን አንድ በአንድ በእርሳስ ጠርዙ ላይ ጽፌ ላክሁላቸው።